የኪራይ ቤት ጤና፤ የአከራዩ ድርሻ እስከ ምን፣ የተከራዩስ እስከ ምን?



እስከ ዛሬ የተነጋገርነው ስለ ገዛ ቤታችሁ ጽዳት ነበር። ዛሬ ደግሞ ስለ ሰው ቤት እንነጋገራለን። «የገጠር ሰው ቤት አይከራይ፤ ይህ እኛን ምን አገባን?» የሚል አይጠፋም። ነገር ግን ልጃችሁ ስምንተኛን ጨርሶ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ወዳለበት ከተማ ሲሄድ የሚያድረው የት ነው? ሦስት አራት ሆነው በተከራዩአት አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ አይደለም እንዴ! እናንተም በሶውን፣ ሽሮውን፣ ድርቆሹን የምትልኩት ወደዚያችው ክፍል ነው። ደግሞም ከመካከላችሁ መንገድ ዳር ቤት ያለው፣ አንዱን ክፍል ለመምህር ወይም ለጤና ሠራተኛ የሚያከራይ አለ። እንግዲህ ነገሩ ሁለቱንም ወገን ይመለከታል።

በኪራይ ቤት ክርክሩ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። አከራዩ «የሚኖርበት ያጽዳው» ይላል። ተከራዩ «ለሰው ቤት ምን አደከመኝ» ይላል። ሁለቱ በዚህ ሲጓተቱ ሽንት ቤቱ ይሞላል፤ ዝንቡም ከዚያ እየተነሣ በአከራዩም በተከራዩም እንጀራ ላይ ያርፋል።

ሕጉ ግን ድርሻውን ለይቶታል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አከራይ ቤቱን በደኅና ሁኔታ እንዲያስረክብ፣ በኪራዩም ዘመን ደኅና አድርጎ እንዲጠብቀው ያዛል። ስለዚህ ጣሪያው ሲያፈስ፣ ግድግዳው ሲዘም፣ ምሰሶውን ምስጥ ሲበላው ማሠራት የአከራዩ ዕዳ ነው። ተከራዩ ደግሞ እንደ በር፣ እንደ መስኮት፣ እንደ ወለልና እንደ ውኃ ቧንቧ ያሉትን ጥቃቅን ጥገናዎች ይችላል። ሆኖም በሩ የወደቀው ከእርጅና የተነሣ ከሆነ ወይም ጎርፍ ካፈረሰው በተከራዩ ላይ አይጫንም። የውኃ ጉድጓድንና የሽንት ቤት ጉድጓድን ማስጠረግም፣ በውል ሌላ ነገር ካልተስማሙ በቀር፣ የአከራዩ ፈንታ ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ደግሞ በሚሠራባቸው ከተሞች ውሉ በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ የቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ወስኗል።

ይህን ሁሉ የሚያውቅ ጥቂት ነው፤ የሚያውቀውም ቢሆን ይሉኝታ ይይዘዋል። እናት ልጇን ይዛ ትመጣለች፤ ባለቤቲቱን «እትዬ፣ ልጄን አደራ!» ትላለች፤ ኪራዩን ከመቀነቷ ፈትታ ትከፍላለች፤ ሽንት ቤቱን ሳታይ ወደ አገሯ ትመለሳለች። ሽንት ቤት አሳዩኝ ማለት እንደ ነውር ይቆጠራልና። እኛ ግን ነውሩ አይታየንም። ገንዘቡ ከእጃችሁ ሳይወጣ «እትዬ፣ አይቀየሙኝና ጓሮውን አንዴ ልየው» በሉ። ደግ አከራይ በዚህ አይቀየምም።

ጓሮ ስትገቡ የሽንት ቤቱ ጉድጓድ ውኃ ከሚቀዳበት ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር የራቀ፣ ከውኃውም በታች በኩል የተቆፈረ መሆኑን ተመልከቱ። ከበላይ ከሆነ ዝናብ ሲዘንብ ቆሻሻው ወደ ውኃው ይወርዳል። ጉድጓዱ እስከ አፉ ግማሽ ሜትር ያህል ሲቀረው መጠረግ ወይም በአፈር ተደፍኖ ሌላ መቆፈር አለበት፤ «ገና አንድ ክረምት ይችላል» የሚባለው ነገር ክረምቱ ሲመጣ ጊቢውን ሁሉ ያጥለቀልቃል። ግድግዳው፣ በሩ፣ የጉድጓዱ መክደኛ የአከራዩ ነው። መጥረጉ፣ መክደኑ፣ አመድ መነስነሱ፣ በአጠገቡም ለእጅ መታጠቢያ ውኃና ሳሙና ማስቀመጡ የተከራዩ ነው። ሳሙና ቢታጣ ንጹሕ አመድ ይሠራል። የሕፃን ሰገራም እዚያው ይጣል፤ «የልጅ ነው፣ ምን ያደርጋል» ማለት አይገባም፤ ተቅማጥ ከእርሱም ይመጣል።

አምስት ስድስት ተከራይ በአንድ ሽንት ቤት ሲጠቀም ሁሉም «እገሌ ያጸዳዋል» ይልና ማንም ሳያጸዳው ይቀራል። ለዚህ ያገኘነው መድኃኒት ቀላል ነው። የየሳምንቱን ተረኛ ስም በሩ ላይ በከሰል መጻፍ ነው። ባለቤቱም ስሙ ከዚያው ይጻፍ።

አንዳንድ አከራዮች ደግሞ ከመሸ በኋላ ሽንት ቤቱን ይቆልፋሉ። ይህን አጥብቀን እንቃወማለን። ሌሊት ሆዷን ያመማት ልጅ ወዴት ትሂድ? ወደ ውጭ ብትወጣ ለጅብና ለክፉ ሰው ትጋለጣለች፤ ብትታገሥ ትታመማለች። ሴት ልጅ የምትልኩ እናቶች ቁልፉን ነገር አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ለሌሊት አይከፈትም ከተባለ ሌላ ቤት ፈልጉ።

ከሁሉ የሚያስፈራን ግን የከሰል ነገር ነው። በክረምት ብርድ ልጆቹ እራት የሠሩበትን ምድጃ ወደ ውስጥ አስገብተው፣ በርና መስኮት ዘግተው ይተኛሉ። «ፍሙ ደምቋል፤ ጭሱ አልቋል፤ አይጎዳም» ይባላል። ይህ ውሸት ነው። የሚገድለው በዓይን የሚታየው ጭስ አይደለም። ከፍሙ የሚወጣው መርዘኛ አየር ቀለምም ሽታም የለውም፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይሞታል። ውኃ በሳሕን ከምድጃው አጠገብ ማስቀመጥም አያድንም። ልጁ በዚያ ክፍል ሳለ ራሱን ካመመው፣ ካዞረው፣ ካስመለሰው «ምች ነው» ብላችሁ አትሸፋፍኑት፤ ወዲያውኑ ወደ ንጹሕ አየር አውጡትና ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

በዚህም ድርሻው የሁለቱም ነው። ምድጃ ይዞ አለመተኛት የተከራዩ ነው። የሚከፈት መስኮት ያለው ክፍል ማከራየት፣ በደጅም ለማብሰያ ዳስ ቢጤ መጣል የአከራዩ ነው። ሌላ ክፍል ለመቀጠል ሲል የነበረውን መስኮት በግድግዳ የሚደፍን ባለቤት አለ። ኪራዩ ይጨምርለታል፤ በዚያ የሚተኙት ልጆች ግን አየር ያጣሉ።

ስለ ግድግዳ አንድ ነገር እንጨምር። ወባ ባለበት አገር የጤና ሠራተኞች ፀረ ወባ መድኃኒት በቤት ግድግዳ ላይ ይረጫሉ። ብዙ ጊዜ ርጭቱ ክረምቱ ሲገባደድ ይሆናል፤ ባለቤቲቱ ደግሞ ለዘመን መለወጫና ለመስቀል ቤቷን በአዲስ ጭቃና እበት ትመርጋለች። መድኃኒቱ ከምርጊቱ በታች ተቀብሮ ቀረ ማለት ነው! ምርጊቱ ከርጭቱ በፊት ይሁን፤ ካለፈም ወባው እስኪበርድ ይቆይ። ተከራዩም የሚረጩት ሰዎች ሲመጡ ዕቃ ማውጣት ሰልችቶት በሩን አይዝጋ። በጊቢው ውስጥ ያቆረ ውኃን ማን ያፋስስ? ቦዩን መቅደድ የአከራዩ ነው፤ የተሰበረ ገንቦና ቆርቆሮ ውኃ እንዳይዝ ማንሣት የሁሉም ነው።

ቅማልና ትኋንስ? ልጆች ተጨናንቀው በአንድ መደብ ሲተኙ፣ ልብስም ሲዋዋሱ ቅማል ይፈላል፤ ከቅማልም ተስቦና ግርሻ ይመጣል። ልብስን በፈላ ውኃ መቀቀልና በየሳምንቱ መታጠብ የተከራዩ ሥራ ነው። ትኋን ግን በግድግዳ ስንጥቅና በመደብ ውስጥ ስለሚኖር ተከራዩ አንሶላውን ቢያጥብ ብቻውን አያጠፋውም፤ ስንጥቁን አከራዩ ይድፈንለት። አንዱ ክፍል ሲጸዳ ጎረቤቱ ክፍል ከቀረ ትኋኑ ተመልሶ ይመጣልና ሁሉም በአንድ ቀን ያድርጉት።

ስትስማሙ የቤቱን ጉዳት በወረቀት አስፍሩ። ማንበብ የሚችለው ልጃችሁ ይጻፈው፦ ጣሪያው በስንት ቦታ እንደሚያፈስ፣ መስኮቱ መከፈቱን፣ ጉድጓዱ ምን ያህል እንደ ቀረው፣ ማን ምን እስከ መቼ እንደሚያሠራ። ሁለቱ ይፈርሙበት፤ ሁለት ምስክርም ይፈርሙ። በኋላ የሚበላሽ ነገር ሲኖር ተከራዩ ሳይውል ሳያድር ለባለቤቱ ይንገር፤ በክረምት የጀመረችን ጠብታ ዝም ብሎ ግድግዳው ሲናድ መክሰስ ለማንም አይበጅም። ባለቤቱ ተነግሮት እንቢ ካለ በመጀመሪያ ሽማግሌ፣ ቀጥሎ ቀበሌው አለ። ጉዳዩ የሽንት ቤትና የውኃ ከሆነ ደግሞ የሰፈሩን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ጥሩ፤ መጥታ ዓይታ ሁለቱንም ወገን ታነጋግራለች።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን ስንቅ ስትልኩ ከሽሮው ጋር አንድ ሳሙና ጨምሩበት። ልጃችሁንም ማታ ምድጃውን የት እንደሚያሳድሩት ጠይቁት።