«ይቀመጡ እማማ»

(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



እንድንናገርበት የተሰጠን ርእስ «በእርጅና ዘመን ኑሮን ኑሮ የሚያሰኘው ምንድን ነው?» የሚል ነው። ርእሱ ሰፊ ነው። እኛ በደንብ የምናውቀው አንድ የራሳችንን ጥፋት ስለሆነ ከእሱ እንጀምራለን።

አምና፣ እንደምታስታውሱት፣ 65 ዓመት የሞላቸው እናቶች ወርሃዊ መዋጮ እንዳይከፍሉ፣ የለቅሶ ቤት ተራም እንዳይዙ ወሰንን። ሁላችንም እጅ አወጣን፤ እልልም ተባለ። ዕድሜ ልካቸውን ደክመዋል፣ አሁን ይረፉ አልን። ክፋት አልነበረበትም። ሁለት ወር ሳይሞላ ግን ከፊት የሚቀመጡት እናቶች መቅረት ጀመሩ። አንዷ ጉልበቴን አመመኝ አሉ፤ ሌላዋ የልጅ ልጅ እጠብቃለሁ አሉ። ጉልበት መቼም ሰበብ ለመሆን አያንስም። በመጨረሻ ኮምቦልቻ ወርደን አንዷን እናታችንን ቤታቸው ድረስ ሄደን ጠየቅናቸው። ቡና አፈሉልን። አቦሉን እስክንጠጣ ዝም አሉ። ቶናው ላይ እንዲህ አሉን፦

«ልጆቼ፣ ተራዬን አነሳችሁብኝ። ባለፈው ለቅሶ ቤት ሄጄ ሰሃን ላጥብ ብል፣ አንዷ ጨርቁን ከእጄ ተቀብላ ‹ይቀመጡ እማማ› አለችኝ። ውሃ ልቅዳ አልሁ፤ ‹ይቀመጡ እማማ›። ንፍሮውን ላድል አልሁ፤ ‹ይቀመጡ›። ተቀመጥሁ። የሞተው ማን እንደሆነ ጠፋኝ፤ እኔ ነኝ እንዴ አልሁ በሆዴ።»

እኛ ሳቅን። እሳቸው አልሳቁም።

ለሩቅ ወዳጆቻችን ለማስረዳት ያህል፣ ሌላው አገር እድር የሚለውን ወሎ ቅሬ ይለዋል። በብዙ ሰፈር መስጊድ የሚሄደውም ቤተ ክርስቲያን የሚሄደውም ቅሬው አንድ ነው፤ አንዱ ሲሞት ሌላው ድንኳን ይተክላል፣ መቃብር ይቆፍራል። በቅሬ አንድ ሰው ሲቀር «ወዴት አለ?» ተብሎ ይጠየቃል፤ ያለ ምክንያት ከቀረም ይቀጣል። ሰው በቅጣቱ ያጉረመርማል፤ ነገር ግን ቅጣቱ ራሱ ክብር አለበት። የማይፈለግ ሰው ማን ይቀጣዋል? እኛ እናቶቻችንን ከመዋጮና ከተራ ነፃ ስናወጣ፣ ብትቀሩም አንጠይቅም ማለታችን መሆኑን አላስተዋልንም ነበር።

ገንዘቡ ቀላል ነገር ነው ለማለት አይደለም። ሕጉ ደመወዝተኛውን 60 ዓመት ሲሞላው ያሳርፈዋል፤ ቢያንስ 10 ዓመት ካገለገለም በየወሩ ጡረታ ያገኛል። ባሏ የሞተባት የእሱን ጡረታ ግማሽ ትወስዳለች። እኛ ዘንድ ከፋብሪካ ጡረታ የወጡ ጥቂት ናቸው። የቀሩት እንጀራ ጋግረው፣ ጥጥ ፈትለው፣ ጉልት ተቀምጠው ልጅ ያሳደጉ ናቸው። እንጀራ ጋጋሪን ማን ጡረታ ያወጣል? የተራበ ሰው ስለ ኑሮ ትርጉም ንግግር አይሰማም፤ ስለዚህ ድጎማው ይቀጥላል። ነገር ግን ድጎማው በየወሩ የሚደርሳቸው እናቶችም የሚያነሱት ያንኑ የተራ ነገር ነው።

አያቶቻችን ለዚህ መላ ነበራቸው። ዱበርቲን አስታውሱ። ነፍሰ ጡሯ ቀኗ ሲቃረብ የሚጠሩት አሮጊቶቹ ናቸው። ቡናው ይፈላል፣ ዕጣኑ ይጨሳል፣ እነሱ ይመርቃሉ፣ ሌላው «አሚን» ይላል። ወጣቷ እዚያ ትላላካለች እንጂ አትመርቅም። ለመጠራት መብቱን የሚሰጠው ዕድሜ ነው። ዛሬ በከተማ ዱበርቲ እየሳሳ ነው፤ የሃይማኖት ሰዎችም የማይስማሙበት ነገር አለ፤ እሱን ለእነሱ እንተወው። እኛን የገረመን አሮጊቷን የሚያስቀምጣት ለማሳረፍ ሳይሆን ለሥራ መሆኑ ነው።

ሩቅም ሳንሄድ፣ በ2013 ክረምትና በ2014 መግቢያ ከራያ፣ ከቆቦ፣ ከወልድያ የተፈናቀለው ወገን ደሴ ሲገባ ትምህርት ቤቶቻችን ሞልተው ነበር። እንጀራው ከየቤታችን ነበር የሚወጣው። አንድ ቀን ከወጣቶቻችን አንዷ፣ ብዙ ቀን እህል ያልቀመሰ ሕፃን ወፍራም ገንፎ ልታጎርስ ስትል፣ አንዲት እናታችን እጇን ያዙ። «ተይ ልጄ፣ ትገድይዋለሽ። ቀጭን አጥሚት፣ በማንኪያ፣ ቆይተሽ ደግሞ በማንኪያ።» በ77 ድርቅ ጊዜ ከረሃብ ተርፎ በጥጋብ የሞተ ሰው በዓይናቸው አይተዋል። ኋላ የጤና ባለሙያዋም ያንኑ ነገረችን፤ ክፉኛ የተጎዳ ሕፃን ኤፍ-75 በሚባል ቀለል ያለ ወተት፣ በትንሽ በትንሹ፣ በየሁለትና በየሦስት ሰዓቱ ነው የሚጀመርለት። እናታችን የወተቱን ስም አያውቁትም፤ ነገሩን ግን ያውቁት ነበር። ያን ቀን «ይቀመጡ እማማ» ያላቸው የለም።

ጥቅምት ላይ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ ደግሞ እግር ያለው ሸሸ፤ መሸሽ ካልቻሉት ብዙዎቹ አረጋውያን ነበሩ። በኅዳር መጨረሻ ስንመለስ አንዳንዶቻችን የቤታችንን ቁልፍ የተቀበልነው ከእነሱ እጅ ነው።

ነገሩን ግን አናጋንን። ሁሉም እናት ሰሃን ማጠብ ያምራታል አላልንም። አንዲት አባላችን «እኔስ ሃምሳ ዓመት አጥቤያለሁ፤ ተዉኝ ልቀመጥበት» አሉን። ልክ ናቸው። ራሳቸው ሲቀመጡና ሌላው ሲያስቀምጣቸው አንድ አይደለም።

ከአልጋ የማይነሱም አሉን። በእነሱ ነገር ብዙ ተከራክረናል። የሰው ዋጋ በሚሠራው ከሆነ፣ እጁም እግሩም የከዳው ሰው ምን ሊሆን ነው? ክርክሩ መሀል አንዷ እህታችን የድሮውን መዝገብ አምጥታ ገለጠችው። የአንዷ የታመሙ እናታችን ስም ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ አለ፤ የማን ለቅሶ እንዳደሩ፣ ማንን እንዳረሱ፣ ስንት እንጀራ እንዳመጡ። ሄደን ስንጠይቃቸው ምጽዋት እየሰጠን አይደለም፤ ያለብንን ዕዳ እየከፈልን ነው፤ ገናም አልጨረስነውም። «በመዝገቡ ላይ ምንም የሌላትስ?» ብላ የጠየቀች ነበረች። «እሷም የሰፈራችን ሰው ናት» ከማለት በቀር መልስ አልነበረንም። አሁንም የለንም።

እንግዲህ የአምናውን ውሳኔ ሽረነዋል። መዋጮው እንደ አቅም ነው፤ 5 ብር የምትሰጠዋም ስሟ ይጠራል። ተራዋን እያንዳንዷ ራሷ ትመርጣለች፤ ሐዘንተኛዋ አጠገብ ማደር፣ አራስ መጠየቅ፣ ቡና ማፍላት፣ ሕፃናት መያዝ፣ ሰሃን ማጠብም ቢሆን። ወጣቶች ሆይ፣ «ይቀመጡ» ከማለታችሁ በፊት «የትኛውን ይይዙልናል?» ብላችሁ ጠይቁ።

ደጋፊዎቻችን፣ ብርድ ልብሱ ደርሶናል፤ የደሴን ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ እግዜር ይስጥልን፣ አላህ ይስጥልን። ዘንድሮ እናቶቻችንን ምን እንደሚፈልጉ ጠይቀናቸው ነበር። ብዙዎቹ ጥጥ የሚፈትሉበት መነጽር አሉ። አንዷ ጎንበስ ሳይሉ ቡና የሚቆሉበት ከፍ ያለ ምድጃ ጠየቁ።

የመጪው ወር ተረኞች ስም በሩ ላይ ተለጥፏል። የመጀመሪያዋ ተረኛ እኚያ የኮምቦልቻዋ እናታችን ናቸው። ሰሃኑን ማንም እንዳይነካባቸው አደራ ብለዋል።