ስለ ነፍሰ ጡር ሴትና ስለ ስፖርት
(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የድልድይና የመንገድ ነገር ሲነገርበት በኖረው በዚህ መድረክ ላይ ስለ ነፍሰ ጡር ሴት ስፖርት ለመናገር መቆሜ ሳያስገርማችሁ አይቀርም። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ለዚህ ያበቃኝ የገዛ ስሕተቴ ነው።

ባለፈው ዓመት ለመረብ ኳስ ውድድራችን የተጫዋቾችን ስም ስመዘግብ፣ አንዲት መሐንዲስ ባልደረባችን የአራት ወር ነፍሰ ጡር መሆኗን ሰማሁና ሳላማክራት ስሟን ሰረዝሁ። «ለደኅንነትሽ ብዬ ነው» ባልኋት ጊዜ፣ «ድልድይ ጭነቱ ስለ ጨመረ ብቻ ሳትመረምር ትዘጋዋለህን?» ስትል ጠየቀችኝ። መልስ አጣሁ። ስለዚህ ሐኪም ዘንድ ሄድሁ፤ መጻሕፍትም አገላበጥሁ።

የአሜሪካ የጽንስና የማሕፀን ሐኪሞች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1985 የነፍሰ ጡር የልብ ምት በደቂቃ ከ140 እንዳያልፍ መክሮ ነበር፤ በ1994 ግን ይህን ወሰን አነሣው። የዓለም የጤና ድርጅትም በ2020 ባወጣው መመሪያ፣ የሚከለክል ሕመም የሌለባት ነፍሰ ጡር በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ እንድታደርግ ይመክራል። ይህም በእርግዝና ጊዜ የሚመጣውን የስኳር በሽታና የደም ግፊት ሥጋት ይቀንሳል። መለኪያውም ቀላል ነው፤ እየተንቀሳቀሰች መነጋገር የምትችል፣ መዝፈን ግን የሚያቅታት ከሆነ እንቅስቃሴዋ መካከለኛ ነው።

ጥንቃቄው ግን ምክንያት አለው። ሆድ እየገፋ ሲሄድ የሰውነት የስበት ማዕከል ይለወጣል፤ የመገጣጠሚያ ጅማቶችም ይላላሉ፤ ስለዚህ መውደቅ ይቀልላል። እግር ኳስ፣ ቅርጫት ኳስ፣ ቦክስና ፈረስ ግልቢያ የማይመከሩት ስለዚህ ነው። ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት በኋላ ደግሞ በጀርባ ተንጋሎ ረዥም ጊዜ መሥራት አይገባም፤ ማሕፀኑ ደም ወደ ልብ የሚመልሰውን ትልቅ የደም ሥር ይጫናልና። ብርቱ ሙቀትን መሸሽና ውሃ መጠጣትም ያስፈልጋል። ከአዋሽ ሸለቆ የሥራ ጣቢያ የመጣች ባልደረባችን ከ3,000 ሜትር በላይ ወደሆነው የእንጦጦ አናት ወጥታ ልሩጥ ብትል፣ ከፍታውን ስላልለመደችው አይበጃትም።

ደም ወይም የእንሽርት ውሃ ከፈሰሰ፣ የሚመላለስ ቁርጠት፣ የደረት ሕመም፣ ማዞር፣ ብርቱ ራስ ምታት ወይም የባት እብጠት ከታየ፣ ወዲያው አቁሞ ወደ ሐኪም መሄድ ነው። የእንግዴ ልጁ የማሕፀኗን አፍ የሸፈነባት፣ ያለጊዜው ምጥ የሚያሰጋት፣ ወይም በእርግዝናዋ ምክንያት ብርቱ የደም ግፊት የያዛት ደግሞ አስቀድማ ሐኪሟን ሳታማክር አትጀምር።

የመረብ ኳሱን ነገር ሐኪሙም አልወደደውም፤ ኳስ ሆድ ሊመታ፣ ተጫዋችም ልትወድቅ ትችላለችና። ስሕተቴ ግን ሌላ ነበር፤ እርሷን አልጠየቅሁም፤ ከመረብ ኳስ ሌላም ቦታ አላሰናዳሁላትም። ስለዚህ በሚመጣው ዓመት መርሐ ግብራችን ውስጥ የእግር ጉዞ፣ ዋናና ከቦታው የማይንቀሳቀስ ብስክሌት እንዲጨመሩ፣ የማንኛዋም እኅታችን ስም እርሷ ከሐኪሟ ጋር መክራ ሳትወስን እንዳይሰረዝ አሳስባለሁ። ይቅርታዬንም፣ በዚያች ባልደረባችን ፈቃድ፣ በእናንተ ፊት እደግመዋለሁ።