በጸደይ ክራፒ ለማጥመድ የትኛውን ማባበያ እንምረጥ?

(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



እንደሚታወቀው ብርዱ አልፎ ዛፉ ማቆጥቆጥ ሲጀምር እኛ የሰሜን ቨርጂኒያ ነዋሪዎች ልጆቻችንን ይዘን ወደ በርክ ሐይቅ መውረዳችን የተለመደ ነው። በዚህ ወቅት ወደ ዳር የሚቀርበው ክራፒ የሚባለው ዓሣ ነው። ታዲያ በየዓመቱ ክርክር ይነሳል። ገሚሶቻችን «ያለ ሕያው ዓሣ አይሆንም» እንላለን። ገሚሶቻችን ደግሞ «ጂግ ይበቃል» ብለን እንሟገታለን። በበኩላችን ሁለቱም ወገን ልክ ነው እንላለን። የሚለያየው ቀኑ ነው። ማባበያ የሚመረጠው በሱቅ መደርደሪያ ላይ ባለው ቀለምና ዋጋ ሳይሆን በውሃው ሙቀት ነው።

በመጀመሪያ የዓሣውን አመል እንወቅ። አዋሳና ዝዋይ ዳር ያደግን ሰዎች ሊጥ አድቦልቡለን መንጠቆ ላይ መለጠፍ ለምደናል። ቆሮሶ ይበልጡን የሚመገበው አልጌ ስለሆነ ሊጥ አይጠላም። ክራፒ ግን አዳኝ ነው፤ የሚበላው ትንንሽ ዓሦችንና የውሃ ነፍሳትን ነው። ስለዚህ ሊጥ ይዞ የሄደ ሰው ባዶ ባልዲ ይዞ ቢመለስ አይገርምም። ነገሩ ቀላል እንዳይመስለን። ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ አንድም ዓሣ ያልነካለት ልጅ በሚቀጥለው ቅዳሜ ከስልኩ ላይ አይነሳልንም። በሳምንት ሁለት ሥራ የሚሠራ ወላጅ ደግሞ ከልጁ ጋር የሚውልበት ሌላ ቀን ከየት ያመጣል?

አንደኛ፤ የውሃው ሙቀት ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ፋራናይት፣ ማለትም ከ10 እስከ 15 ሴንቲግሬድ ገደማ ሲሆን፤ ዓሣው ገና ጠለቅ ያለ ውሃ ውስጥ፣ በወደቁ ዛፎች አጠገብ ነው። ሰውነቱ ስለቀዘቀዘ የሚሮጥ ነገር አያባርርም። በዚህ ጊዜ የሚሻለው ሚኖ የሚባለው በሕይወት ያለ ትንሽ ዓሣ ነው። ርዝመቱ ከ4 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። በቀጭን 4 ወይም 6 ቁጥር መንጠቆ ከንፈሩን ወግተን፣ ከቡሽ በታች አንጠልጥለን፣ ዝም ብለን እንጠብቃለን። ሚኖው ራሱ እየተወራጨ ይጣራልናል።

ሁለተኛ፤ ውሃው ከ60 እስከ 68 ዲግሪ (ከ16 እስከ 20 ሴንቲግሬድ) ሲደርስ፤ ክራፒ እንቁላል ለመጣል ወደ ዳር ይወጣል። አሁን ተራው የጂግ ነው። ጂግ ማለት እርሳስ ራስ ያለው፣ ላባ ወይም ለስላሳ ፕላስቲክ የለበሰ ትንሽ መንጠቆ ነው። 1/32 ወይም 1/16 አውንስ የሚመዝነውን እንምረጥ። ከዚያ የከበደው ቶሎ ይሰምጣል። ውሃው የጠራ ከሆነ ነጭና ብርማ ቀለም፣ ዝናብ ዘንቦ ከደፈረሰ ደግሞ ደማቅ ቢጫ አረንጓዴ ይሻላል። ጂግ አይሞት፣ ውሃ አይቀየርለት፤ ለልጆችም ይመቻል።

ሦስተኛ፤ የክራፒ ዓይን ወደ ላይ ማየት ይቀናዋል። ስለሆነም ማባበያው ሚኖም ይሁን ጂግ ዓሣው ካለበት ትንሽ ከፍ ብሎ ይንጠልጠል። ከበታቹ ከዋለ አያየውም። አፉ ደግሞ እንደ ወረቀት ስስ ነው፤ ቡሽዋ ስትጠልቅ ዘንጉን ቀስ አድርገን ከፍ እናድርግ እንጂ አንመንጭቅ።

እንግዲህ አንድ ነገር እንዳንረሳ። ዳር ላይ በቀላሉ የምንይዘው ዓሣ አብዛኛውን ጊዜ እንቁላል የሚጠብቀው ወንዱ ነው። ጂጉን የሚነክሰው ርቦት ብቻ ሳይሆን ጎጆውን ሲከላከልም ነው። እሱ ሲነሳ እንቁላሉን ሌሎች ዓሦች ይበሉታል። በቨርጂኒያ ደንብ አንድ ሰው በቀን እስከ 25 ክራፒ መያዝ ይፈቀድለታል፤ የተፈቀደ ሁሉ ግን የግድ ይያዛል ማለት አይደለም። ለአንድ ቤት ድስት የሚበቃውን ወስደን ሌላውን እጃችንን አርጥበን እንልቀቅ።

የተረፈ ሚኖ ወደ ሐይቁ አይደፋ፤ ከሌላ ውሃ የመጣ ዓሣ በሽታም ሆነ ወራሪ ዘር ይዞ ሊገባ ይችላል። የተበጠሰ ክር ወፎችን ስለሚያንቅ ለቅመን እንመለስ። ዕድሜው 16 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ ሰው የማጥመጃ ፈቃድ ማውጣት አለበት። ሐይቁ ዳር የተለጠፈውን ደንብም ሳናነብ መንጠቆ አንጣል።

በመጨረሻም፣ ማኅበራችን አንድ የውሃ ቴርሞሜትር ስላለው ተራ እየያዛችሁ መዋስ ትችላላችሁ። ክር ተጨምሮበት አንድ ሜትር ያህል ጠልቆ፣ ሁለት ሦስት ደቂቃ ቆይቶ ይነበብ። የነበበ ሰው ቁጥሩንና ቀኑን በዚሁ ሰሌዳ ላይ ይጻፍልን፤ ቀጥሎ የሚሄደው ጎረቤት ምን ይዞ እንደሚሄድ ይወቅ።