ከመጀመሪያው ደመወዝ በፊት
ወጣቶቻችን የወር ገቢያቸውን ማቀድ እንዲለምዱ የአጥቢያዎች ድርሻ

(ለሰበካ ጉባኤ ተወካዮችና ለካህናት በተዘጋጀ የሥልጠና መርሐ ግብር ላይ የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



በየአጥቢያችን በቤተ ክርስቲያን ድጋፍ የሚማሩ ልጆች አሉን። ወላጆቻቸውን ያጡ፣ ከገጠር መጥተው ዘመድ ቤት የተጠጉ፣ የአብነት ትምህርቱን ከዘመናዊው ጋር አጣምረው የያዙ ናቸው። ደብተር እንገዛላቸዋለን፤ የደንብ ልብስ እናሰፋላቸዋለን፤ ሲታመሙ እናሳክማቸዋለን። ከቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ተመርቀው ሥራ ሲይዙ ግን ስማቸውን ከተረጂዎች መዝገብ አውጥተን እግዚአብሔርን እናመሰግናለን። ምስጋናው የሚገባ ነው። ሆኖም ድጋፋችን የሚያበቃበት ያ ቀን ለወጣቱ አዲስ ፈተና የሚጀምርበት ቀን መሆኑን በአክብሮት ልናሳስባችሁ እንወዳለን። ሌላ ሰው ሲያስብለት ያደገ ልጅ በአንድ ጀምበር የራሱ ገንዘብ ያዥ ይሆናልና።

በክትትል ሥራችን ደጋግመን የምናየው ይህን ነው። ደመወዙ ወር ሲያልቅ ይገባል፤ ወሩ ሳይጋመስ ያልቃል። ወጣቱ መጀመሪያ ከክፍል ተጋሪው ይበደራል፤ ቀጥሎ በእጅ ስልኩ በቀላሉ የሚገኘውን ብድር ይወስዳል፤ የሚቀጥለው ደመወዝ ገና ሳይገባ ለዕዳ ይያዛል። አንዳንዱ ጉድለቱን በስፖርት ውርርድ ሊሞላ ይሞክራል። አንዳንዷ ሥራዋን ትታ ወደ ዐረብ አገር ለመሄድ ደላላ ፍለጋ ትወጣለች። ሌላው ያሳደገችውን ቤተ ክርስቲያን በሐፍረት ይሸሻል። እነዚህ ሁሉ ሥራ ያላቸው ልጆች ነበሩ።

ችግሩ ሁልጊዜ ከአባካኝነት የሚመጣም አይደለም። በአንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ የተቀጠረች የአንድ አጥቢያ ልጅ የመጀመሪያ ደመወዟን በሙሉ ለእናቷ ላከች። ማንም ሰው ይህን ቢሰማ ይመርቃታል። በሁለተኛው ወር ግን የቤት ኪራይ የምትከፍለው አልነበራትም። ልቧ ቅን ነበር፤ የጎደላት ደመወዙን ከመላኳ በፊት ቁጭ ብላ የምታሰላበት ልማድ ነው። ጌታችን በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ግንብ ሊሠራ ስለ ወደደ ሰው ሲናገር ያስተማረን አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪን መቍጠርን ነው። ምሳሌው ደቀ መዝሙር መሆን የሚጠይቀውን ዋጋ ለማስረዳት የተነገረ ቢሆንም፣ አስቀድሞ ማስላትን የአስተዋይ ሰው ሥራ አድርጎ ያሳየናል።

ይህን ለማስተማር ከሰበካ ጉባኤ የቀረበ ማን አለ? በየዓመቱ የአጥቢያውን ገቢና ወጪ ታቅዳላችሁ፤ በደረሰኝ ትቀበላላችሁ፤ በፊርማ ታወጣላችሁ፤ ለምእመናን ሪፖርት ታቀርባላችሁ። ለሕንፃው የምናደርገውን ጥንቃቄ ልጆቻችን ለገዛ ኑሯቸው እንዲያውሉት ማስተማር ይገባናል። ትምህርቱ አራት ክፍሎች ቢኖሩት መልካም ነው።

የመጀመሪያው እጅ የሚገባውን ገንዘብ ማወቅ ነው። ወጣቱ በቅጥር ደብዳቤው ላይ 6,000 ብር የሚል ካየ 6,000 ብር ያቅዳል። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ መሠረት የመጀመሪያው 2,000 ብር ከግብር ነጻ ነው፤ ከዚያ በላይ እስከ 4,000 ብር ባለው ላይ 15 በመቶ፣ ቀጥሎ እስከ 7,000 ብር ባለው ላይ 20 በመቶ ይከፈላል። ስለዚህ የ6,000 ብር ደመወዝተኛ 300 እና 400፣ በድምሩ 700 ብር ግብር ይከፍላል። ለጡረታ የሚቆረጠው 7 በመቶ 420 ብር ነው። እጁ የሚገባው 4,880 ብር ይሆናል። ይህን ስሌት ልጆቹ ራሳቸው በጥቁር ሰሌዳ ላይ ይሥሩት። ጡረታው የጠፋ ገንዘብ አለመሆኑን፣ አሠሪውም 11 በመቶ እንደሚጨምርላቸው ይወቁ።

ሁለተኛው ከወሩ በፊት ዓመቱን ማየት ነው። ዓመታችን 13 ወር ነው፤ የወር ደመወዛችን ግን 12 ጊዜ ይከፈላል። በነሐሴ መጨረሻ የተቀበልነው ደመወዝ ጳጉሜንን አልፎ እስከ መስከረም መጨረሻ 35 ቀን፣ ጳጉሜን 6 ቀን በሚሆንበት ዓመትም 36 ቀን ሊያደርሰን ይገባል። በመካከሉ እንቁጣጣሽና መስቀል አሉ። ይህ ወር ያልተዘጋጀውን ሁሉ ይጥላል። የቤተ ክርስቲያናችን የዘመን አቆጣጠርም ለማቀድ ይረዳናል። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ሥጋ፣ ወተትና ቅቤ አይገዛም፤ በፋሲካ ግን ዶሮውም ዕንቁላሉም በአንድ ቀን ይፈለጋል። በጾሙ ሳምንታት ከተረፈው ጥቂት ጥቂት ያኖረ ለበዓሉ አይበደርም፤ ለነዳያንም የሚሰጠው አያጣም። ዮሴፍ በግብፅ በጥጋቡ ዘመን ከምድሪቱ ፍሬ አምስተኛውን እጅ ያከማቸው የሚመጣውን ዘመን አስቀድሞ ስላየ ነበር።

ሦስተኛው ድልድሉ ነው። ለማስተማሪያ እንዲሆን 4,880 ብሩን እንዲህ እንከፍለዋለን። አሥራት 488፤ ለሁለት የተከራዩት ቤት ድርሻ 1,200፤ ምሳ በሥራ ቦታ የሚሰጥ ከሆነ ለቀሪው ምግብና ለማብሰያ 1,600፤ ትራንስፖርት 300፤ ሳሙና፣ ስልክና ልዩ ልዩ 250፤ ለቤተሰብ 300፤ ለበዓል፣ ለልብስና ለጳጉሜን በየወሩ የሚቀመጥ 400። የሚተርፈው 342 ብር የመጠባበቂያ ቁጠባ ነው። ዋጋው በየከተማው ይለያያልና ቍጥሩን እንዳለ አትውሰዱት። ልጆቹን ወደ ገበያ ላኳቸው፤ የጤፉን፣ የሽሮውን፣ የዘይቱን ዋጋ ጠይቀው፣ የአንድ ክፍል ቤት ኪራይ አጣርተው ይምጡና የራሳቸውን ድልድል ይሥሩ። ድምሩ ከገቢው ሲበልጥባቸው ምን እንደሚቀንሱ እርስ በርስ ይከራከሩ፤ ዋናው ትምህርት በዚያ ክርክር ውስጥ ይገኛል።

ዕቁብ መግባት የሚፈልግ ወጣት ዕጣው በመጨረሻ ቢደርሰው እንኳ መክፈሉን ሳያቋርጥ መዝለቅ መቻሉን አስቀድሞ ይመዝን። ዕቁብ ጥሩ የቁጠባ ማሰሪያ ነው፤ ነገር ግን ተራው ሳይደርስ ለሚመጣ ሕመም ስለማይደርስ መጠባበቂያውን አይተካም።

አራተኛው በአክብሮት እንቢ ማለትን መለማመድ ነው። አጎት ደውሎ ሁለት ሺህ ብር ላክልኝ ቢል ምን ይመለሳል? ለትልቅ ሰው እንቢ ማለት በባህላችን ከባድ ስለሆነ ወጣቱ ተበድሮ ይልካል። በልምምዱ አንዱ እንደ አጎት፣ ሌላው እንደ ሠራተኛው ሆነው ይነጋገሩ። «ጋሼ፣ በየወሩ ለቤተሰብ የመደብኩት ሦስት መቶ ብር አለ፤ እርሱን በጊዜው እልካለሁ፤ ከዚያ በላይ ብል ግን ኪራዬን አጥቼ እናንተው ላይ እመለሳለሁ» ብሎ በትሕትና መናገር ይቻላል። በየወሩ ሳይቋረጥ የሚደርስ ጥቂት ገንዘብ አንድ ጊዜ መጥቶ ከሚቀረው ብዙ ይልቅ ቤተሰብን ይጠቅማል።

አንዳንድ አባቶች «ልጅ ገንዘብ ከያዘ ይበላሻል» ይላሉ። ስጋቱ ከፍቅር የመነጨ ነው፤ እንረዳዋለን። ይሁን እንጂ ልጁ ገንዘብ መያዙ አይቀርም፤ ጥያቄው በእኛ ፊት ይልመደው ወይስ ብቻውን የሚለው ነው። በሦስት መቶ ብር የሚሠራው ስሕተት ሙሉ ደመወዝ ይዞ ከሚሠራው ስሕተት ይቀላል። ስለ ገንዘብ ማስተማር ዓለማዊ ነው ለሚሉንም የአብነት ተማሪውን እናስታውሳቸዋለን። በአኩፋዳው የለመነውን ቁራሽ ከፍሎ፣ ለነገ የሚሆነውን አድርቆ የሚያኖር ተማሪ ማቀድን በሚገባ ያውቃል። ያንን ዕውቀት ወደ ብርና ወደ ደብተር ማሻገር ብቻ ይቀረናል።

ስለዚህ ከየአጥቢያው ሦስት ነገር እንለምናለን።

አንደኛ፣ ሒሳብ የሚያውቅ አንድ የሰበካ ጉባኤ አባል ይመደብ፤ ከሰንበት ትምህርት ቤቱ ጋር ሆኖ አራቱን ትምህርቶች በአራት እሑዶች ያስተምር።

ሁለተኛ፣ በመጨረሻው የድጋፍ ዓመት ለደብተር፣ ለሳሙናና ለልብስ የምናወጣውን በየወሩ ከፍለን በተማሪው እጅ እንስጠው። ዕቅዱን አስቀድሞ ይጻፍ፤ ወጪውን በደብተሩ ይመዝግብ፤ በወሩ መጨረሻ ከተመደበለት ሰው ጋር ይየው። ከወሩ አጋማሽ በፊት ቢጨርሰው አንቆጣው፤ ግን ቶሎ አንተካለት። ምግብና ሕክምና በዚህ ልምምድ ውስጥ አይግቡ፤ ማንም ልጅ ለመማር ብሎ አይራብ።

ሦስተኛ፣ ወጣቱ ሥራ ሲይዝ ስሙን ወዲያው ከመዝገብ አናውጣ። ቢያንስ የመጀመሪያው ጳጉሜን እስኪያልፍ በወር አንድ ጊዜ እንጠይቀው። የንስሐ አባቶችም ስለ ጸሎቱና ስለ ጾሙ ስትጠይቁት ስለ ዕዳውም በርኅራኄ ጠይቁት። ገቢውና ዕዳው ምሥጢሩ ነውና በጉባኤ አይነሣ። አሥራቱን በዕቅዱ ያስገባ ወጣት ላይ በየአጋጣሚው ሌላ መዋጮ እንዳንደራርብበትም እንጠንቀቅ።

ይህ ሁሉ አዲስ ሕንፃና ብዙ በጀት አይጠይቅም፤ ደብተር፣ እርሳስና ትዕግሥት ይበቁታል። ያስተማርናቸው ልጆች ኪራያቸውን ከፍለው፣ እናታቸውን ረድተው፣ ከዕዳ ነጻ ሆነው በቤተ ክርስቲያን አጸድ በደስታ ቆመው ለማየት ያብቃን። አንድ ቀንም ከመካከላቸው አንዱ የሰበካ ጉባኤው ሒሳብ ሹም ሆኖ ሌሎችን ያስተምር ይሆናል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።