ከደረቅ አፈር የሚፈለፈለው ሽሪምፕ

አቅራቢ ሀ፦ ፌሪ ሽሪምፕ ዝናብ ባቆረው ውሃ የሚኖር፣ ቅርፊት የሌለው ትንሽ ፍጥረት ነው። የሚዋኘው በጀርባው ተንጋሎ፣ እግሮቹን ወደ ላይ አድርጎ ነው።

አቅራቢ ለ፦ ኩሬው በበጋ ሲደርቅስ?

አቅራቢ ሀ፦ ሽሪምፑ ይሞታል፤ እንቁላሉ ግን በደረቁ አፈር ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። ዝናብ ሲመጣም ሁሉም በአንዴ አይፈለፈልም፤ ከፊሉ ለሌላ ክረምት ይቀራል። ኩሬው ቶሎ ቢደርቅ እንኳ ዘር አይጠፋም።

አቅራቢ ለ፦ ብልጥ ነው! ታዲያ ቤት ውስጥ ለማስፈልፈል ከእንጦጦ አፈር ዘግኖ ማምጣት ይበቃል?

አቅራቢ ሀ፦ ከተገኘበት ሁሉ አይሆንም። ከእንጦጦ ወደ የካ የሚወርደው ጎርፍ አይቆምም፤ ተዳፋት ላይ መፈለግ ትርፉ ድካም ነው። የሚፈለገው ክረምት ውሃ የሚተኛበት፣ በጋ የሚሰነጣጠቅ፣ ዓሣ የሌለበት ሜዳ ነው።

አቅራቢ ለ፦ ውሃውስ? የቧንቧ ይሆናል?

አቅራቢ ሀ፦ ክሎሪን አለበት፤ የዝናብ ውሃ ይሻላል።

አቅራቢ ለ፦ በጋ ላይ ከየት ይመጣል?

አቅራቢ ሀ፦ እሱስ ልክ ነው። ማዕድኑ ያነሰ የታሸገ ውሃም ይሠራል። ሰፊ ዕቃ፣ ጥቂት አፈር፣ ብርሃን፤ ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 3 ቀን ባለው ጊዜ ነጥብ የሚያክሉ እጮች ይታያሉ። ብርድ ግን ያዘገያቸዋል።

አቅራቢ ለ፦ ምግባቸው እርሾ ነው ይባላል።

አቅራቢ ሀ፦ ይበላሉ፤ ግን በጣም ጥቂት። እርሾው ከበዛ ውሃው ይደፈርሳል፣ ኦክስጅን ያጥራል፣ በአንድ ሌሊት ያልቃሉ። ፀሐይ ላይ ቆይቶ አረንጓዴ የሆነ ውሃ ይመረጣል።

አቅራቢ ለ፦ ዕድሜያቸውስ?

አቅራቢ ሀ፦ ጥቂት ሳምንታት፣ ቢበዛ ጥቂት ወራት። ሴቷ እንቁላሏን በከረጢት ይዛ ትዋኛለች፤ እንቁላሉ አፈሩ ላይ ይወድቃል። አፈሩ በደንብ ደርቆ ከከረመ በኋላ እንደገና ውሃ ይጨመርበታል።