ከአጥር በር እስከ ቤት ደጃፍ
ስለ መኪና መግቢያ ንጣፍ አመራረጥ ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር



የምህንድስና ሙያ በተነሣ ቁጥር በሰው ልቡና ውስጥ ቀድመው የሚመጡት ግድቡ፣ ድልድዩና ታላቁ አውራ ጎዳና ናቸው። ይሁን እንጂ ተራው ዜጋ በዕድሜው አንድ ጊዜ መሐንዲስን ምክር የሚጠይቅ ቢሆን፣ ጥያቄው ስለ ግድብ ሳይሆን ከአጥር በሩ እስከ ቤቱ ደጃፍ ስላለችው አሥር አሥራ አምስት ሜትር መሬት ነው። «የመኪና መግቢያውን ምን ላስነጥፈው?» ይላል። ጥያቄው ትንሽ መስሎ ስለሚታይ መልሱም ብዙ ጊዜ የቡና ላይ መልስ ሆኖ ይቀራል። የዚህ ንግግር ዓላማ ይህችን ትንሽ ጥያቄ በሚገባት ክብር መመርመር ነው።

ለአብነት ያህል በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ ጥቁር አፈር ባለበት ሰፈር ቤት የሠራ አንድ ጡረተኛ መምህር ይታሰብ። የሠላሳ ዓመት ቁጠባውን በቤቱ ላይ አፍስሶ ሲያበቃ፣ የተረፈችውን ጥሪት ለመኪና መግቢያው መደበ። የእኅቱ ልጅ መሐንዲስ ነበርና እሑድ ለጥየቃ በመጣ ጊዜ፣ «አንተ ልጅ፣ የምን ንጣፍ ይሻለኛል?» ብሎ ጠየቀው። ወጣቱም ስኒውን ሳያስቀምጥ፣ «ጋሼ፣ ኮንክሪት ያስሞሉበትና ይገላገሉ» ሲል መለሰ።

ወለሉም ተሞላ፤ ለአንድ በጋም አምሮ ታየ። በሁለተኛው ክረምት ማብቂያ ግን ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ መሐሉን ሰንጥቆ አለፈ። የወለሉ ዳር ተነሥቶ የአጥሩ በር አልዘጋ አለ፤ ከግቢው የሚወጣውም ጎርፍ የጎረቤቱን የግንብ አጥር ሥር ይበላ ጀመር። ሲሚንቶው ደኅና ነበር፤ ግንበኛውም ከልኩ አላጎደለም። ጥፋቱ የተፈጸመው አፈሩ ሳይታይ ስለ ንጣፉ መልስ በተሰጠበት ሰዓት ነው።

እንግዲህ የመጀመሪያው ጉዳይ አፈር ነው። ዋልካ ወይም መረሬ እየተባለ የሚጠራው ጥቁር አፈር፣ ስሜክታይት በሚባሉት የሸክላ ማዕድናት የበለጸገ ነው። እነዚህ ማዕድናት እንደ መጽሐፍ ገጽ በተደራረበው አካላቸው መካከል ውኃ እያስገቡ ያብጣሉ፤ በበጋ ውኃውን ሲያጡ ይኮማተራሉ። ወለል በተነጠፈበት ቦታ በመካከል ያለው አፈር እርጥበቱን ይዞ ሲቆይ፣ በዳር ያለው ግን ከወቅቱ ጋር ይለዋወጣል። ዳሩ ሲነሣና ሲወርድ 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ኮንክሪት መታጠፍ ስለማይችል ይሰበራል። ፌሮ ስንጥቁ እንዳይሰፋ ይይዛል እንጂ አፈሩ እንዳያብጥ አይከለክልም። ስለዚህ በዋልካ ላይ ከማናቸውም ንጣፍ በፊት የላይኛውን አፈር ቆርጦ ማውጣትና በማያብጥ ሰሌክት እየጠቀጠቁ መተካት፣ ወይም አፈሩን ከኖራ ጋር አዋሕዶ ጠባዩን ማለዘብ ያስፈልጋል። ዛፍም ከንጣፉ ሊርቅ ይገባል፤ በተለይ ባሕር ዛፍ የአፈሩን እርጥበት እየመጠጠ የንጣፉን ዳር ያሰምጣል።

ጥቅጠቃውም ቢሆን በውፍረት አንድ ጊዜ የሚደረግ አይደለም፤ 15 ወይም 20 ሴንቲ ሜትር እየተነጠፈ፣ ተገቢው እርጥበት እየተሰጠው ደረጃ በደረጃ የሚፈጸም ነው። የቤት ባለቤት በዓይኑ የማያየውን ይህን ሥራ ለመቀነስ ሲፈተን፣ ሊከለክለው የሚገባው መሐንዲሱ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ውኃ ነው። «እያሳሳቀ ይወስዳል እንደ ውኃ» ይላል ያገራችን ሰው። በአዲስ አበባ የዓመቱ ዝናም ከ1000 ሚሊ ሜትር ይበልጣል፤ አብዛኛውም የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናም በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውኃ ነው። ወርዱ 4 ሜትር፣ ርዝመቱ 15 ሜትር የሆነ መግቢያ 60 ካሬ ሜትር ስፋት አለው። በአንድ ከሰዓት በኋላ 30 ሚሊ ሜትር ቢጥል 1800 ሊትር፣ ማለት ዘጠኝ ባለ 200 ሊትር በርሜል ውኃ ይሰበሰባል። የጣሪያው ውኃ ሲታከልበት ደግሞ መጠኑ እጥፍ ድርብ ይሆናል። ይህ ውኃ የት ይሄዳል ብሎ ያልጠየቀ መሐንዲስ፣ ለጎረቤቱ ጎርፍ ነድፎለታል ማለት ነው። ንጣፉ በየሜትሩ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ከቤቱ ወደ ውጭ ማዘንበል፣ ዳሩም ቦይ ሊኖረው፣ ቦዩም ወደ መንገዱ የጎርፍ መውረጃ ሊደርስ ይገባዋል።

እነዚህ ሁለት ጉዳዮች ከታወቁ በኋላ የንጣፉ ምርጫ ይቀላል።

ኮንክሪት ጽኑ ነው፤ ለማጽዳትም ይመቻል። ለቤት መኪና 10 ሴንቲ ሜትር ይበቃል፤ የውኃ ቦቴ ወይም የጭነት መኪና የሚገባበት ከሆነ ወደ 15 ከፍ ይላል። ለተጠቀሰው 60 ካሬ ሜትር 6 ሜትር ኩብ ኮንክሪት ያስፈልጋል፤ በአንድ ሜትር ኩብ 350 ኪሎ ግራም ሲሚንቶ ቢታሰብ 21 ኩንታል ይሆናል። በየ2.5 እስከ 3 ሜትሩ የመቆራረጫ መስመር ካልተበጀለት፣ መስመሩን ኮንክሪቱ ራሱ ባሻው ቦታ ያወጣዋል። ቢያንስ ለሰባት ቀን ውኃ እየጠጣ መቆየትም አለበት። ጉድለቱ፣ ከሥሩ ያለ የውኃ ቧንቧ በፈነዳ ጊዜ ሳይሰበር አለመከፈቱ ነው። አቅም ላነሰው ሰው፣ ጎማ በሚያልፍበት ብቻ ሁለት ባለ 60 ሴንቲ ሜትር መስመሮችን መሙላት ኮንክሪቱን ከ6 ሜትር ኩብ ወደ 1.8 ያወርድለታል፤ መካከሉም ሣር ይሆናል።

አስፋልት ለሕዝብ መንገድ እንጂ ለግቢ እምብዛም አይስማማም። ትኩስ ሆኖ ተነጥፎ ሳይቀዘቅዝ በሮለር መዳመጥ ስላለበት፣ ለ60 ካሬ ሜትር ማጓጓዙና መሣሪያው ከንጣፉ ይበልጥ ይከብዳል። ከመኪና የሚንጠባጠብ ናፍጣና ዘይትም ሬንጁን ያሟሟዋል።

ጥርብ ድንጋይ፣ በተለምዶ ኮብልስቶን የሚባለው፣ ከ1990ዎቹ ዓመተ ምሕረት ማብቂያ ወዲህ በከተሞቻችን ተስፋፍቶ ለብዙ ወጣቶች እንጀራ ሆኗል። በአሸዋ መደብ ላይ ተደርድሮ በዳር ድንጋይ ስለሚታሰር አፈሩ ጥቂት ቢንቀሳቀስ አብሮ ይንቀሳቀሳል፤ ከሰመጠም ተነሥቶ እንደገና ይደረደራል። ተዳፋት በሆነ ግቢም፣ በክረምት ከሚያንሸራትተው ልሙጥ ንጣፍ በእጅጉ ይሻላል። ሆኖም አንድ ማስጠንቀቂያ አለው። በድንጋዮቹ መካከል የሚሰርገው ውኃ ቀይ አፈር ላይ ሲሆን በጎ ነው፤ ዋልካ ላይ ሲሆን ግን ለእባጩ መጋቢ ይሆናል። በዚህ ጊዜ ከመደቡ በታች ያለው ንብር በደንብ የተጠቀጠቀና ያዘነበለ፣ ዳሩም ሰርጎ የገባውን ውኃ የሚያወጣ የጠጠር ቦይ ያለው ሊሆን ይገባል። ሠራተኛው ሬድ አሽ የሚለው ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠርም እንዲሁ ነው፤ ርካሽና ውኃ አሳላፊ ቢሆንም፣ በዋልካ ጉድጓድ ውስጥ ያለ መውጫ ቢሞላ ገንዳ ሆኖ ይቀራል።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ፍሬ ነገር አጭር ነው። «የትኛው ንጣፍ ይሻላል?» ለሚለው ጥያቄ፣ «የቱ አፈር ላይ? ውኃውስ ወዴት?» ከሚለው የመልስ ጥያቄ በፊት የሚሰጥ መልስ የለም።

መምህሩ በመጨረሻ የተሰነጠቀውን ወለል አስነሣ። በዚህኛው እሑድ የእኅቱ ልጅ ስኒውን አስቀምጦ አካፋ ጠየቀ፤ የመጀመሪያ ሥራውም አንድ ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፍሮ አፈሩን በእጁ ማሸት ሆነ። ጥቁሩ አፈር በ60 ሴንቲ ሜትር ተቆርጦ ወጣ፤ የተሰባበረው ኮንክሪት ከሰሌክቱ ጋር ተጠቅጥቆ መሠረት ሆነ፤ በላዩ ጥርብ ድንጋይ ተደረደረ፤ ቦዩም ከጎረቤት ጋር በስምምነት እስከ መንገዱ ድረስ ተቆፈረ። ሆኖም ሽማግሌው አንዱን ሥራ ሁለት ጊዜ ከፍሎበታል፤ ሁለተኛውንም የከፈለው ለመታከሚያው ካስቀመጠው ገንዘብ ነው።

የአንድ ሙያ ክብር የሚለካው በትልልቅ ሥራዎቹ ብቻ አይደለም። ዘመድና ጎረቤት በነፃ በሚጠይቁት ምክርም ይለካል። በግድብ ሥራ ላይ መሐንዲሱ ቢሳሳት የሚያርመው ሌላ መሐንዲስ አለ፤ በግቢ በር ላይ ግን ከእርሱ በኋላ የሚመጣ አራሚ ክረምቱ ብቻ ነው። ስለዚህ አስቀድሞ ጉድጓዱ ይቆፈር፤ ምክሩ ከዚያ በኋላ ይሰጥ።