ማሪምባና የብቸኛ ተጫዋቹ ፈተና
(በትምህርት ቤታችን በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



በአገራችን ሙዚቃ የሚወድ ሰው ብዙ ነው፤ ልጄ ሙዚቀኛ ይሁንልኝ ብሎ የሚመኝ ወላጅ ግን ጥቂት ነው። ሙዚቃ የሥራ ፈት ነገር ነው የሚለውን አስተያየት ለመመርመር፣ እኛ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች አንድ ምሳሌ ይዘን ቀርበናል።

ማሪምባ እንደ ፒያኖ ቁልፍ በሁለት ረድፍ ከተደረደሩ ጠፍጣፋ እንጨቶች የተሠራ መሣሪያ ነው። ከየእንጨቱ ሥር ድምፁን የሚያጎላ ቧንቧ አለ። ትልቁ የተለመደ ዓይነት 61 እንጨቶች ሲኖሩት፣ ርዝመቱ ከ2 ሜትር ተኩል ያልፋል። ተጫዋቹ ቆሞ፣ በየእጁ ሁለት ሁለት መምቻ ይዞ ይጫወታል።

አሜሪካዊው ጆሴፍ ሽዋንትነር በፈረንጆች አቆጣጠር በ1990 ለአንድ ማሪምባ ብቻ «ቬሎሲቲስ» የተባለ ድርሰት ደረሰ። ትርጉሙ «ፍጥነቶች» ማለት ነው። የዚህ ድርሰት ተጫዋች የሚገጥመው ችግር ብዙ ነው።

አንደኛ፣ ድርሰቱ ማረፊያ የሌለው ሩጫ ነው። ሰሊጥ አጫጅ የደረሰውን ሰብል ለነገ ቢያሳድር ፍሬው ከቅርፊቱ እንደሚረግፍበት ሁሉ፣ እዚህም ለአፍታ የዘገየ እጅ ያመለጠውን መልሶ አያገኝም።

ሁለተኛ፣ የፒያኖ ተጫዋች ቁልፉን በጣቱ ይዳስሳል፤ የማሪምባው ተጫዋች ግን እንጨቱን የሚያገኘው በመምቻው ጫፍ ነው። ወፍራም ድምፅ የሚሰጡት እንጨቶች ሰፋፊ፣ ቀጫጭን ድምፅ የሚሰጡት ጠባብ ስለሆኑ፣ በመምቻዎቹ መካከል ያለው ርቀት በየጊዜው መለካት አለበት። ዓይንም ከእንጨቱ ስለማይነሣ ድርሰቱን በቃል ማጥናት ግድ ይላል።

ሦስተኛ፣ ሙቀት ነው። እንጨት ሲሞቅ ድምፁ በጥቂቱ ይወርዳል፤ በቧንቧው ውስጥ ያለው አየር ሲሞቅ ግን የቧንቧው ድምፅ ይወጣል። ሁለቱ ሲለያዩ መሣሪያው ይደክማል። እንግዲህ በሚያዝያ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት በእኛ በመተማ ቆላ ማሪምባ ቢመጣ ምን ያህል ጥንቃቄ እንደሚያሻው አስቡት!

የማሪምባ የቅርብ ዘመድ፣ በእንጨት ፈንታ ብረት የተደረደረበት ቫይብራፎን ነው። በዚህ መሣሪያ የኢትዮጵያን ቅኝት ለዓለም ያሰሙት ሙላቱ አስታጥቄ በ1936 ዓ.ም. በጅማ ተወለዱ። ወደ እንግሊዝ አገር የተላኩት ምሕንድስና እንዲማሩ ነበር፤ እርሳቸው ግን ሙዚቃን መረጡ። መለካት፣ ማስላት፣ በቃል መያዝ፣ የቁሳቁስን ጠባይ ማወቅ ከመሐንዲስ የሚፈለግ ነው፤ ከሙዚቀኛም እንደሚፈለግ ከላይ አይተናል።

ስለዚህ ክቡራን ወላጆች ሆይ፣ ባዶ ጀሪካን ገልብጦ በሁለት በትር የሚመታ ልጅ ከደጃችሁ ብታገኙ፣ «ዝም በል፣ ጥናትህን አጥና» ከማለታችሁ በፊት ጥቂት አዳምጡት። ምቱ የተስተካከለ ከሆነ ጥናት ጀምሯል ማለት ነው። መክሊቱን በመሬት እንዳይቀብር እርዱት።